የነኢማ ቱርጁማን

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሙቀቱ ትንሽ ቀለል ብሏል። የሽንኩርት ችግኙ ከጉዝጓዙ ሥር ቀና ቀና ማለት ጀምሯል። ጠዋት መደቦቹን ሳርም አረፈድኩ፤ ጀርባዬ አሁንም ቀጥ አላለም። ፓፓያው ላይ ያለው ወፍ ከእኔ ቀድሞ ቁርሱን በልቶ ሄዷል። ይብላ፣ ምን ይደረግ።

ልጄ ነኢማ በረንዳ ላይ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከመጣች ጀምሮ ከዚያች ወንበር የምትነሳው ለሶላትና ለምሳ ነው። ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ውሃ የሚቆጣጠር ሳጥን ትሠራለች። ሳጥን የምትለው የእኔን የምሳ ዕቃ ነው። ክዳኑን በስታ ሽቦ አስገባችበት። አሁንም ስከፍተው የምስር ወጥ ይሸተኛል...

ሥራው ቀላል ነው። የውሃ ተራችን ሲደርስ ፓምፑን ያስነሳል፣ ከቦዩ ስቦ ታንከሩን ይሞላል፣ ሲሞላ ፓምፑን ያጠፋል። ከዚያ ታንከሩ ለችግኙ ጠብ ጠብ ያደርጋል። እስከ ዛሬ ይህን የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ መሰላል ላይ እንደ ጅብራ ተገትሬ፣ አንገቴን ታንከር ውስጥ ሰክቼ።

ከሰዓት አባቷ መጣ። ሱሌይማን። የቀድሞው። እኛ ተፋታን እንጂ መሬታችን አልተፋታም፤ በመሃላችን አንድ የእሾህ አጥር ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ የመስኖ ማህበሩ የውሃ አባት እሱ ነው፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስነው። ባሌ ሳለ እሺ ያላልኩትን ሰውዬ ይኸው አሁን በውሃ ያዘኛል። ግቢ አይገባም፤ በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። አዲስ አበባ ያለው የአጎቱ ልጅ ኢብራሂም ለነኢማ ቢሮ ውስጥ ሥራ አግኝቶላታል። ወረቀት እያዩ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ቦታውን ይይዝላታል።

ነኢማ የማህበሩ ስብሰባ እስኪደርስ ታገሰኝ አለችው። ሳጥኗን ማህበሩ ለጋራው ገንዳ ከተቀበላት እዚሁ ትቀራለች። ካልተቀበላት ትሄዳለች። "እሺ" አለ። በዚህ ፍጥነት እሺ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እንደማይሆንላት እርግጠኛ ነው ማለት ነው።

እኔስ? ምንም አላልኩም። ሂጂም ቅሪም ብል ነገ የሚላከከው በእኔ ነው። ግን ብትቀር... ተይው።

እሁድ፣ ኅዳር 7

ሰንበቴ ገበያ ዋልኩ። ፓፓያው አለቀ አልሀምዱሊላህ።

እናቴ የጅሌ ሰው ስለነበረች ኦሮምኛ እችላለሁ፤ ስለዚህ ገበያው ላይ ሻጭና ገዢ ካልተግባቡ ዙሀራን ጥሩ ይባላል። ዛሬ የባሰ ገጠመኝ። ሻጩ አፋር፣ ገዢው የደብረ ሲና ሰው፣ መሃል ላይ ፍየል። አፋርኛ አልችልም። አፋሩ አፋርኛ ለምትችል አንዲት የጅሌ ሴት ይናገራል፣ እሷ በኦሮምኛ ለእኔ፣ እኔ በአማርኛ ለሰውዬው። አፋሩ ረጅም ነገር ተናገረ። እጁን ወደ ሰማይ፣ ወደ ፍየሏ፣ ወደ ሰውዬው ኮት እያወናጨፈ። ሴትየዋ አሳጥራ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ "አይቀንስም" አልኩት።

ሰውዬው አፈጠጠብኝ። "ይሄን ሁሉ አውርቶ አይቀንስም ብቻ ነው ያለው?"

ስለ ኮትህ ያለውን ብነግርህ ፍየሏን ትተህ ትሄዳለህ... በሆዴ።

ቤት ገብቼ ለነኢማ ስነግራት ሳቀች። የእኔም ሥራ ይሄው ነው አለች። ከዚያ አስረዳችኝ። እንዳልረሳው ልጻፈው።

የምሳ ዕቃው ውስጥ ጥፍር የምታህል ነገር አለች፤ ቺፕ ትባላለች። የምትሰማው የራሷን ቋንቋ ብቻ ነው፤ አብራ አጥፋ፣ አብራ አጥፋ። ሰው አይናገረውም። ነኢማ ደግሞ ገበሬው ራሱ አንብቦ እንዲገባው በአማርኛ ቃል የሚጻፍ ቋንቋ ፈጠረች። አሳየችኝ። ፓምፑን አስነሳ። ታንከሩ እስኪሞላ ጠብቅ። ፓምፑን አጥፋ። በቃ። እኔ የስምንተኛ ክፍሏም አነበብኩት።

በዚህኛውና በቺፗ መሃል ሲ የሚባል ቋንቋ አለ። ነኢማ የሠራችው ቱርጁማን፣ አስተርጓሚ እንደማለት፣ አማርኛውን ወደ ሲ ይገለብጣል። እነሱ ኮምፓይለር ነው የሚሉት። ከዚያ ሌላ ኮምፓይለር፣ ፈረንጆች የሠሩት፣ ሲውን ተቀብሎ በቺፗ ቋንቋ ይነግራታል። እንደ ፍየሏ በሁለት አፍ ነው የሚደርሳት።

ለምን በቀጥታ አትነግሪያትም አልኩ። የቺፕ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቱርጁማን ስጽፍ ላረጅ ነው ወይ አለች። ሲን ግን ለየትኛውም ቺፕ የሚተረጉም አይጠፋም። ገባኝ። ሲ ማለት የገበያ ቋንቋ ነው። ማንም በእሱ እሹሩሩ አይልም፤ ፍየል ለመሸጥ ግን ይበቃል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ነኢማ ከሲ ጋር ስትጣላ ዋለች። ከመስመሩ መጨረሻ አንዲት ምልክት ከቀረች አልሰማሽም ይላታል። ነፍሳቸውን ይማርና አማቴ እንዲህ ነበሩ። ከሰላምታው አንድ ቃል ከጎደለ ቀኑን ሙሉ ኩርፊያ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ተራችን ነበር። ሞከርነው።

ከላይ በኩል ያለችው ጎረቤቴ ፋናዬ ቲማቲሟን ትታ ለማየት መጣች። "አንቺ ዙሀራ፣ የምሳ ዕቃሽ ውሃ መቅዳት ጀመረ አሉ። የእኔ ድስት ወጡን እንኳ ካልጠበቅሁት ያሳርራል።"

ፓምፑ ተነሳ። ታንከሩ ሞላ። ውስጡ የምትንሳፈፍ ኳስ አለች፤ ውሃው ከፍ ሲያደርጋት ለቺፗ ሞላ ትላታለች። ፓምፑ ጠፋ! ማንም ሳይነካው። ፋናዬ አማተበች፣ እኔ ማሻአላህ አልኩ። ሱሌይማን አጥሩ ጋ እሾህ የሚያስተካክል መስሎ ያይ ነበር። ያ እሾህ አምስት ዓመት ሙሉ ተስተካክሎ አያውቅም።

ነኢማ ደስ ሲላት ታወራለች። ቱርጁማኗ አማርኛውን ሲቀበል መጀመሪያ ቃል በቃል ይለቅማል አለችኝ፤ እኛ ማሾ ስንለቅም ጠጠሩን እንደምናወጣው። የማያውቀው ቃል ከመጣ ይጥለዋል። ከዚያ ማን ማንን ያዛል፣ የቱ ከየቱ ይቀድማል ብሎ ያደራጃል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው በሲ መጻፍ የሚጀምረው። እኔ ሰንበቴ ላይ ግማሹን ሳልሰማ ነው የምጀምረው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ቺፗ ሆዷ ትንሽ ነው። ነኢማ የጨመረችው ሁሉ አልገባ አላት። ስለዚህ የፈረንጆቹን ኮምፓይለር አሳጥረህ ተርጉም ብላ አዘዘችው። እንዲህ ማዘዝ ይቻላል አሉ። ረብ የሌለውን ራሱ አስቦ ያወጣዋል። ሲያሳጥር ገባላት።

ብልጥ ነው ልጁ አልኩ። ነኢማ ልጅ አይደለም እማ አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ያ አላህ።

የፋናዬ አክስት አርፈው ለቅሶ ሄደን ነበር። ተራችን ነው፣ ግን ሳጥኑ አለ አልን። ተማመንን። ስንመለስ የውሃ ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። ታንከሩ ሞልቶ፣ ፈስሶ፣ መደቡን አልፎ፣ በእሾህ አጥሩ ሥር ሾልኮ... ፓምፑ አሁንም ይስባል። ነኢማ ሮጣ ሽቦውን ነቀለችው።

ከአጥሩ ማዶ የሱሌይማን ማሾ። ተወቅቶ፣ ተበራይቶ፣ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ነበር። የዓመት ልፋቱ። ደርቆ ሰኞ ሊጭነው ነበር።

መጣ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የሸራውን ጫፍ አንስቶ ውሃው ከነማሾው ሲፈስ አየ። "ነኢማ" አላት። "ይሄ ነው?"

ሸራውን መልሶ አስቀመጠ። እሷ ማሾውን ከውሃው ታፍስ ጀመር።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ገበያ አልሄድኩም። እኔና ነኢማ ማሾውን ስናገላብጥ ዋልን። ጣሪያ ላይ ሳይቀር አሰጣነው። ሱሌይማን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ያየናል።

ሲመሽ እንደ ውሃ አባት ተነሳና ደንቡን ተናገረ። ውሃው ድንበር ያለፈበት ሰው ሁለት ሳምንት ተራ የለውም። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፤ አምና ስብሰባ ላይ። ያኔ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም። እጄ ይቆረጥ... ችግኜ በዚህ ሙቀት ሁለት ሳምንት? ይህን ሲናገር "ወይዘሮ ዙሀራ" ነው ያለኝ። ልጅ የወለደችለትን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ማሾው በቀለ። ሸራው ላይ ነጫጭ ጭራ አውጥቶ ተንጨባረረ። የበቀለ ማሾ ማን ይገዛል? ለፍየሎቹ ሰጣቸው።

ፋናዬ "ቻይናዎቹ እንዲህ አብቅለው ነው የሚበሉት አሉ፤ ሂጂና አጽናኚው" አለችኝ። ለቅሶ ላይ ያለች ሴት እንዲህ ታወራለች?

ከከተማ በባጃጅ ጀሪካን እያመላለስኩ ችግኙን እረጫለሁ። ለጉንዳን ቁርስ የሚሆን ውሃ። ዳር ያሉት መደቦች ጠውልገዋል።

ነኢማ የጉዞ ቦርሳዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠረገችው። አየሁ። እንዳላየ ሆንኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ቦርሳው ባዶውን ቆሟል። እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ተመልሳለች። አልሀምዱሊላህ ልበል?

አግዢኝ አለችኝ። አማርኛውን ድምፄን አውጥቼ እንዳነብ፣ እሷ ሲው ላይ በጣቷ እንድትከተል። አነበብኩ። ፓምፑን አስነሳ። "አለ" ትላለች። ታንከሩ እስኪሞላ ጠብቅ። "አለ።" ፓምፑን አጥፋ። "አለ።" ስንት ጊዜ ደጋገምነው። ሁሉም አለ። አልጎደለም፣ አልተጨመረም። የእሷ ቱርጁማን ምንም አልዋሸም።

ታዲያ ውሃው በራሱ ጊዜ አበደ?

በዚያ መሃል ሲን ራሴ ማየት ጀመርኩ። እያየሁት ብዙም አያስፈራም። ቅንፉ በረት ነው፤ እዚህ ውስጥ ያሉት አብረው ይውላሉ ማለት ነው። "እስኪሞላ ጠብቅ" የሚለው ሲ ላይ ሲደርስ "ሞልቷል የሚለው ዜሮ እስከሆነ ድረስ እዚሁ ዙር" ይሆናል። ሞልቷል የሚባለው ስም ነው፤ ዕቃ ማስቀመጫ እንደማለት። ዜሮ ካለበት አልሞላም። ኳሷ ስትነሳ አንድ ይገባበታል። ያኔ ዙሩ ያበቃል። ቀላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

አገኘችው!

ረቡዕ ዕለት የሠራውንና ቅዳሜ ጉድ የሠራንን ጎን ለጎን አስቀምጣ ወደ ቺፗ ቋንቋ የተገለበጠውን አየች። የፊተኛው ረጅም ነው። የኋለኛው ያሳጠረው ነው። ያ ብልጥ ነው ያልኩት ነገር...

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ቱርጁማን፣ የፈረንጆቹ፣ አሳጥር ሲባል አሰበ። ሞልቷል የሚለውን ዜሮ እስከሆነ ድረስ ዙር ይላል። ግን ከላይ እስከ ታች ባነበው፣ ሞልቷልን የሚነካው ሰው የለም። ማንም ካልነካው ዜሮ የነበረ ዜሮ ነው። ታዲያ በየዙሩ ሄጄ የማየው ምን አድክሞኝ? አንዴ አየ። ዜሮ። ከዚያ እስከ ቂያማ ቀን ዙር አላት። ኳሷ ከውጭ ተነስታ ሞላ ሞላ ስትል ማንም ዞሮ አላያትም።

አላህ ያሳያችሁ፣ ይሄ ቱርጁማን እዚህ እኛ ሮቢት ቢያድግ ኖሮ እንዲህ ያስብ ነበር? እዚህ የዘጋሽውን የቦይ አፍ ሶላት ሰግደሽ ስትመለሺ ሌላ ሰው ከፍቶታል። ማንም አልነካውም ብሎ የሚቀመጥ የሮቢት ሰው የለም። ይሄንን ስላት ነኢማ ከስንት ቀን በኋላ ጥርሷ ታየ።

የፈረንጆቹ ጥፋት ነዋ አልኩ። የለም አለች። እነሱማ በወረቀቱ ላይ ያለውን አይተው ነው። "በአማርኛው ታንከሩ ስል ታንከሩ ውጭ እንዳለ እኔም አንቺም እናውቃለን። ቱርጁማኔ ወደ ሲ ሲገለብጠው ግን ተራ ስም አደረገው። ውጭ መሆኑን መሃል መንገድ ላይ ጣለው። ሁለተኛው በምን ይወቅ?"

ሲ ለዚህ ቃል አለው፤ ቮላታይል ይባላል። ከስሙ ፊት ሲጻፍ ይህን ሌላ እጅ ሊነካው ይችላልና ሁልጊዜ ሄደህ እይ ማለት ነው። ያ ቃል ካለ አሳጣሪው እጁን ይሰበስባል። ነኢማ ከእንግዲህ ቱርጁማኔ ከውጭ የሚመጣ ነገር ፊት ሁሉ ራሱ ይጨምራል፤ ገበሬው ማወቅ የለበትም አለች።

ቦርሳው ግን አሁንም እንደቆመ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

በባልዲ ሞከረችው። ኳሷን በእጄ ሳነሳ ፓምፑ ቀጥ። ሳነሳ ቀጥ። ክንዴ ዛለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ተራችን ተመለሰ። የዳር መደቦቹ አልቀዋል፤ የመሃሎቹ ተርፈዋል።

የትም አልሄድንም። ታንከሩ ሞላ፣ ፓምፑ ቆመ። በአሳጠረውም ቆመ። ሱሌይማን ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነበር፣ አሁን እንኳ እሾህ አልያዘም። አይቶ ሄደ። ሰው እንዴት አንዲት ቃል ይከብደዋል?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ስብሰባው ዛሬ ነበር። ከገንዳው አጠገብ፣ ግራሩ ሥር።

ነኢማ አስረዳች። አማርኛው ላይ ችግር አልነበረም፤ ማንበብ የማይችል እንኳ ሲነበብለት ገባው። ችግሩ የመጣው ሲው ጋ ነው። እንደ እሾህ የተበተነ ነገር ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። አንዱ እኛ የምናነበውና ሳጥኑ የሚሰማው አንድ መሆኑን በምን እናውቃለን አለ። ሌላው ማሾውን የበላው ማን ነበር አለ። እኔ ብድግ ልል ስል ፋናዬ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ጋሽ አሊዪ ተናገሩ። ከሁሉም ትልቅ ናቸው። አባቶቻቸው በድሮው የአሊዩ አምባ ገበያ ነጋዴ ነበሩ።

"ቱርጁማን ብቻውን አይታመንም። አባቶቻችን ሁለት ያቆሙ ነበር። አንዱ ይተረጉማል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይሰማል። የሚሰማው ከባላጋራው ወገን ነው። እሱ ልክ ነው ካለ ልክ ነው።"

ነኢማ በአክብሮት "ባላጋራዬ ማነው ጋሽ አሊዪ? ሲ የሚችል ሌላ ሰው እዚህ አላውቅም" አለቻቸው።

"ይማራላ። እንድትሄጂ የሚፈልገው ማነው?"

ሰው ሁሉ ወደ ሱሌይማን ዞረ። ወላሂ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ዓይነት ፊት አይቼበት አላውቅም። እኔ እናት ስለሆንኩ አይሆንም ተባለ፤ እሱ አባት ነው ሲባል፣ ይሄኛው አባት ባይሳካላት የሚጠቀም ነው፣ አይሸፍንላትም ተባለ። ተፈረደ። የማህበሩን የውሃ ደንብ እሱ ለነኢማ ይነግራታል፣ እሷ በአማርኛዋ ትጽፋለች፣ ቱርጁማኗ ወደ ሲ ይገለብጣል፣ ሱሌይማን ሲውን አንብቦ ልክ ነው ካለ ሳጥኑ ገንዳው ላይ ይሰቀላል። አይደለም ካለ ይቀራል።

እጣዋን ባሌ እጅ ላይ ጣሉት። የቀድሞ ባሌ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ግቢ ገባ። ከተፋታን ወዲህ ገና ዛሬ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት።

የመጀመሪያው ክስ፦ የእኩል ይሆናል ምልክት ለምን አንዳንድ ቦታ ሁለት ተደርድሮ ተጻፈ? ማባከን ነው። ነኢማ አስረዳችው፤ አንዱ ሲሆን ይህን እዚያ አስቀምጥ ነው፣ ሁለቱ ሲሆን ይሄ ከዚያ ጋር እኩል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ማዘዝና መጠየቅ በአንድ ምልክት እንዳይምታታ።

"ማዘዙ አጭር ነው ማለት ነው" አለ።

አዎ፣ ለአንዳንድ ሰው ማዘዝ ሁልጊዜ ያጥራል። አፌን ያዝኩ።

ሁለተኛው ክስ፦ ይሄ ቅንፍ ተከፍቶ አልተዘጋም። ወረቀቱን ገለጠ። ማዶ ተዘግቷል። አፉም አብሮ ተዘጋ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

በየቀኑ ከአስር ሶላት በኋላ ይመጣል። አሁን ወንበሩን ሞልቶ ነው የሚቀመጠው። ክሱ አልቀነሰም፣ ግን ተሻሽሏል። በፊት "ይሄ ምን እብደት ነው" ነበር የሚለው። ዛሬ "ይሄ ካልሆነስ ወዴት ይሄዳል?" አለ። ነኢማ ጥያቄው ደስ አላትና ረጅም መልስ ሰጠችው። ጋሽ አሊዪን መስጊድ በር ላይ ይዞ ስለ ቅንፍ ሲያብራራላቸው ታየ አሉ። ምስኪን ሽማግሌ።

ነኢማ ከሌለች እኔን ይጠይቀኛል። የማውቀውን እነግረዋለሁ። ካላወቅሁ አላውቅም እለዋለሁ።

ፋናዬ አታርፍም። "ሰውዬሽ ተመላለሰ። ኒካህ መቼ ነው?"

"ቅንፍ ሊያነብ ነው የሚመጣው።"

"ሁሉም ሲጀምር ቅንፍ ነው የሚለው" አለችኝ። ይቺ ሴትዮ...

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ደንቡን ነግሮ ጨረሰ፣ ተተረጎመ፣ ዛሬ ማንበብ ጀመረ። ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ። ስለ ተራ ያለውን፣ ስለ ገንዳው ያለውን አለፈ። ከዚያ አንድ ቦታ ቆመ።

"ይሄ ተሳስቷል።"

ዕቃ እያጠብኩ ነበር።

የቆመበት የድንበሩ ደንብ ላይ ነው። ሲው እንዲህ ይላል፦ ውሃ ድንበር አለፈ ወይ፤ ካለፈ ሁለት ሳምንት ተራ የለም። ቅንፍ ተዘጋ። ሌላ ነገር የለም።

"ምህረቱ የታለ?" አላት።

"የቱ ምህረት አባ?"

"ሆን ብሎ ካልሆነ አለ። ችግኝ ያለው ሰው ከሆነ አለ። ሽማግሌ ገብቶ የሚታይ ነገር አለ... እንዲህ ድፍን ተደርጎ ይጻፋል? ቱርጁማንሽ ቆርጦታል።"

ነኢማ አማርኛውን አውጥታ አሳየችው። እሱ ያላት ነው፤ ቃል በቃል።

"ምህረቱን አልነገርከኝም።"

"ይታወቃል እንጂ!"

"እሱ የሚታወቀውን አያውቅም አባ። የተነገረውን ነው።"

አማርኛውን አነበበ። ሲውን ደግሞ አነበበ። ቀና ብሎ የዳር መደቦቹን አየ፤ ባዶዎቹን። "ባለፈው እኔ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

ገብቼ ልተረጉምለት ምላሴን በላኝ። ሊል የፈለገው እንዲህ ነው ልላት። ግን የሰው ሐሳብ አሟልቶ መናገር ስንት ጊዜ ጣጣ አምጥቶብኛል... ሳህኔን አጠብኩ።

ሰላም ሳይለን ሄደ። ወረቀቱን ይዞ። ተሳስቷል ያለውን ማህበሩ ጋ ሄዶ ቢደግመው አለቀልን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

አልመጣም። ነኢማ ቦርሳው ውስጥ ሁለት ቀሚስ ከተተች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ማህበሩን ጠራ።

ጋሽ አሊዪ "ሰማህ ወይ?" አሉት። ሰምቻለሁ አለ። "ትርጉሙስ?"

"ትርጉሙ ልክ ነው። የተበላሸው ደንቡ ነው፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ያለውን ሁሉ ልጽፈው አልችልም፤ ሲያወራ ሲያወራ ሰው መስማት አቃተው። ብቻ ተለወጠ። ውሃ ድንበር ካለፈ የውሃ አባቱ ሽማግሌ ይዞ ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ ይወስናል፣ እስኪወሰን ችግኝ ውሃ አይከለከልም። ይሄ ተጽፎ፣ ተተርጉሞ፣ እሱ እንደገና ካነበበው ሳጥኑ ይሰቀላል። አጨበጨቡ። እኔ መጀመሪያ ደንቡን በሆዴ ደግሜ አነበብኩና ነው ያጨበጨብኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

አዲሱን ሲ ሊያነብ መጣ። ነኢማ ገንዳው ላይ ለውሃ አባቱ በጣት የሚጫን ቁልፍ አድርጋለታለች፤ ውሳኔውን በእሱ ይናገራል። አማርኛው "የውሃ አባቱ እስኪወስን ጠብቅ" ይላል።

በጣቱ እየሄደ ደረሰበት። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገ።

"እኔ ፊት ይሄ ቃል ምን ይሠራል?"

አጎንብሼ አየሁ። የውሃ አባት የሚለው ስም ፊት ቮላታይል ተጽፏል።

"ቱርጁማኑ ነው የጨመረው" አለችው ነኢማ። "ከውጭ ስለሆንክ።"

"ስድብ ነው?"

"አይደለም አባ። ሐሳብህን ልትለውጥ ትችላለህ፣ አንዴ አይቼህ አልተውህም፣ እየተመለስኩ አይሃለሁ ማለት ነው።"

ጣቱን ቃሉ ላይ አሳረፈ።

ስልኩ ጮኸ። ኢብራሂም ነው። ሰዎቹ ቦታውን ለሌላ ሊሰጡት ነው፣ ልጅቷ መቼ ነው የምትመጣው ይላል፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። ሱሌይማን ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ነው የመለሰለት።

"ለሌላ ሰው ይስጡት። ነኢማ እዚህ ሥራ አላት።"

ሰላምታ አቅርብልኝ ምናምን ብሎ ዘጋው። ነኢማ ወደ እኔ ዞረች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ወደ ታንከሩ ዞርኩ። እሱ መስመሩ ጠፍቶበት ወረቀቱ ላይ ጣቱን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል።

"እዚህ ጋ ነበርን" አለችው።